ከድንች ጆንያው ጀርባ ያሉት ስሞች

ጥር 4
ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ቀጥታ አጎቴ ጋሼ መጋዘን። በጦርነቱ ጊዜ የምርኮኞች ካምፕ ከነበረው የቀረው ይህ አንድ ክፍል ነው። ጡቡ ለአጥር፣ ቆርቆሮው ለዶሮ ቤት ሆኗል። አገሬው ሁሉ ድርሻውን ወስዷል፤ ጋሼም አለበት።
ምርኮኞቹ ግድግዳው ላይ ስማቸውን በምስማር ጭረዋል። እስካሁን አሥራ ስምንት ገልብጫለሁ። በስልክ ፎቶ አይወጣም... ግራጫ ብቻ። የቀረው ከድንቹ ጆንያ ጀርባ ነው። "እናንሳው" ስለው፣ "ድንቹ ይሸጥ። ግድግዳውን ልታገቢው ነው እንዴ?" ይለኛል።

ጥር 9
ቦታው ላይ አዲስ ጎተራ ሊሠራ ነው አሉ! ቅርስ ተብሎ ካልተመዘገበ ይፈርሳል። ቅርስ ቢሮ ሄጄ ለመንኩ። ተቆጣጣሪ በ16 ይመጣል። ጸሐፊዋ፣ "በዓይኑ ያየውን ነው የሚመዘግበው" አለችኝ። ይየው! እኔስ ምን አልኩ?

ጥር 12
የፈተና እርማት ቁልል። መሄድ አልቻልኩም። ጋሼን፣ "እንግዳ ስለሚመጣ ጆንያውን አውጣና ቤቱን አጽዳልኝ" አልኩት።
"አታስቢ፣ አላሳፍርሽም" አለኝ።

ጥር 15
ኖራ ቀባው።
አራቱንም ግድግዳ። ፂሙ ድረስ ኖራ ሆኖ፣ ብሩሹን ይዞ ፈገግ ይልልኛል። "የመንግሥት ሰው በቆሸሸ ቤት ልቀበል? ስሞቹን እንደሆነ ደብተርሽ ላይ ጽፈሻቸው የለ?"
እሳት ጎረስኩ። በእናቴ ወንድም ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ከዚያ ማንኪያ ይዤ ፋቅኩ... ልስኑ ከነስሙ እግሬ ሥር ረገፈ። ለምን ነካሁት? ስንት ወር ሙሉ ጆንያ ማንሳት አቅቶኝ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ጥር 16
ተቆጣጣሪው የቆየው አምስት ደቂቃ። "ንጹሕ መጋዘን ነው" ብሎ ጻፈ። ደብተሬን አሳየሁት።
"ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ እነሱ አይደሉም።"
ጋሼ ደግሞ፣ "ሻይ ሳይጠጡ?" ይለዋል። ልፈነዳ ነበር።

ጥር 18
ጋሼን አላናገርኩትም። ዛሬም።

ጥር 21
ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሰላም ሳይለኝ፣ "ደብተርሽን አውጪ" አለኝ። አጥሩ ሥር ተቀምጠን ስም ይጠራ ጀመር። ከጆንያው ጀርባ የነበሩትን! ከላይ ወደ ታች፣ ሳያቋርጥ። እጄ አልደርስበት አለ።
"እንዴት አወቅካቸው?"
"አባቴ ሲቆጣኝ እዚያ ይቆልፍብኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ምን ልሥራ? እነሱን አነባለሁ።"
"ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?"
"ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"
አልጠየቅኩትም። ስለ ግድግዳው ስንቱን ሰው ጠይቄ፣ እሱን አንድ ቀን...
ሃያ ሁለት ስም ነገረኝ። "አንድ ይቀራል። በሩ አጠገብ፣ በልጅነት ቁመቴ ልክ ላይ የነበረው።" ግንባሩን መታ። አልመጣለትም።

ጥር 27
ነገ ያፈርሱታል። ድንቹን ቤቴ አስገብቻለሁ። ከሰዓት ስሄድ ጋሼ ባዶው ክፍል ውስጥ በሩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ኖራውን በጣቱ ይዳስሳል።
"ጋሼ፣ በቃ። እንሂድ።"
"ቆይ... ይመጣልኛል።"
አጠገቡ ተቀመጥኩ።