የሰፈራችን ስም በእንግሊዝኛ

ጁን 3
ሙቀቱ አላስተኛኝም። ሮቲ ጋግሬ፣ አማቴን አብልቼ፣ የእንግሊዝኛውን ጋዜጣ ይዤ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። በቀን አምስት አዲስ ቃል... የባንክ ቅጥር ፈተናው ኦገስት ላይ ነው። ሁለቴ ወድቄያለሁ፤ ሁለቴም በእንግሊዝኛው።
«ጋዜጣው ራት ይሆነናል?» አሉ አማጂ ከውስጥ። አማቴ እንዲህ ናቸው። ገጹን ገለጥኩ።

ጁን 4
ሦስት ቃል ብቻ። ደከመኝ።

ጁን 7
«ኢንክሮችመንት»። ምንድነው ደግሞ ይሄ? መዝገበ ቃላት አየሁ፦ የሌላውን መሬት እየገፉ መያዝ። ጻፍኩትና ዜናውን ከላይ ደገምኩት... በሐዲዱ ዳር ያሉት ቤቶች ዝናቡ ሳይገባ ይፈርሳሉ። ኢምሊ ቶላ ይላል። የኛ ሰፈር!
ገፍተን የያዝነው እኛ ነን ማለት ነው? አማጂ እዚህ ቤት የገቡት ሙሽራ ሆነው ነው።

ጁን 8
ነገርኳቸው። «የሂንዲው ጋዜጣ ምንም አላለም» አሉ። ቆይተው ግን ጎረቤቱን ራሳቸው ጠሩ። የሰፈሩ ዛፍ ስር ቆሜ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው።
ፀጉር ቆራጩ ጊርዳሪ፣ «አጥኚዋ አንቺ፣ ተፈታኞቹ እኛ!» አለ። ሳቁ። ሳቁም ቶሎ አለቀ።

ጁን 15
አንድ ጠበቃ ዘንድ ሄድን። «እሞክራለሁ፤ እናንተ ግን ዕቃችሁን አውጡ» አለን። ስንመለስ ጊርዳሪ የጣሪያውን ቆርቆሮ እየነቀለ ነው። እኛም ጀመርን።
ባሌ ለሥራ ከሄደበት ከተማ ከሱራት ደወለ። «ፈተናሽስ?» አለኝ። ፈተናዬስ...

ጁን 22
መጡ። ዶዘሩ ግድግዳችንን አንዴ ነካው፣ ወደቀ። አማጂ አላለቀሱም። ነቅለን ያወጣነውን በር ደግፈው ቆመው ነበር። ከሐዲዱ ወዲያ ያሉት ወሬው አልደረሳቸውም ኖሯል፤ ድስታቸውን እንኳ አላወጡም።

ጁን 24
ከወንዙ ማዶ፣ የኪራይ ክፍል። ጠዋት አማጂ ወጥተው የእንግሊዝኛውን ጋዜጣ ገዝተው መጡ። እንግሊዝኛ ማንበብ አይችሉም እኮ...
«ስለኛ ጽፈዋል?»
አራት መስመር። አንድም የማላውቀው ቃል የለበትም።
«ነዋሪዎቹ በሰላም ተነሱ ይላል።»
«ተነሱ? እኛ መቼ ተነሳን! አነሱን እንጂ።» ጋዜጣውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ይቺን በእንግሊዝኛ ጻፊላቸው።»
ለፈተና ካልሆነ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ጀመርኩ።