እሳት የማትወድ የእሳት እራት

እሑድ፣ ግንቦት 14 ቀን 2003 ዓ.ም.
ሲልቨር ስፕሪንግ

ልጄ ሳባ ዛሬ ከአሜሪካ ወዲያኛው ጫፍ፣ ከዋሽንግተን ስቴት ደወለች። እዚያ ዝናብ በማያባራበት ጫካ ውስጥ፣ ከገብስ ፍሬ የምታንስ በራሪ ታጠናለች።

“ማሚ፣ ሞዝ በአማርኛ ምንድን ነው?”

“የእሳት እራት።”

“ኖ ዌይ! የእኔዋ እኮ እሳት አትወድም፣ በቀን ነው የምትበረው” ብላ ሳቀች።

ሳቋ ሳያልቅ ለሰመር ዕረፍት እንደማትመጣ ነገረችኝ፤ ጥናቱ ገና ነው። “ይሁን፣ የኔ እናት” አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ አልማዝ ሊፍት ውስጥ አገኘችኝ። “አንቺ፣ ልጅሽ ዋሽንግተን ናት አሉ። እዚሁ አጠገባችን ዲሲ ሆና፣ በሜትሮ ባቡር እሑድ እንኳ ብቅ አትልም?”

“ሥራ በዝቶባት ነው” አልኳት።

ሌላ ዋሽንግተን እንዳለ አልነገርኳትም። በአልማዝ ሐሳብ እንኳ ቅርብ ትሁንልኝ።