የገመዳ መቃብር በማን ስም ነው?

ጎባ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ጎረቤታችንን አሥር አለቃ ደበሌ ቶላን ሳሉ ለቀቀው፤ እግዜር ይመስገን፣ ዛሬ ገንፎ በልቷል። ጊኒር ያለችው ልጁም በሰላም ሴት ልጅ ተገላገለች።

እኔ ደግሞ ለጥር የአዲስ አበባ ጉዞዬን እያሰናዳሁ ነው። የስድስት ኪሎውን ሐውልት፣ መድፎቹን፣ ሙዚየሙን፣ ሁሉንም አያለሁ። ዋናው ግን ኮሪያ ዘምቶ የወደቀው የወንድሜ የገመዳ መቃብር ነው። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ አልማዝ ወደ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ የዘማቾቹን መቃብር አንድ በአንድ ብታነብ፣ «ገመዳ ጉዬ የሚባል የለም» ብላ ጻፈችልኝ። ባለቤቴ፣ «እንግዲህ መድፍ ተሳልመሽ ትመለሻለሽ» እያለ ይቀልድብኛል። ሳቅሁለት እንጂ ሆዴስ አልሳቀም።

አመሻሽ ላይ የደበሌ ሚስት አዴ ጫልቱ መጣች። ቁጭ እንኳ ሳትል፣ «ደበሌ ነው የላከኝ» አለች። ለካስ ደበሌና ገመዳ አብረው ወታደር ቤት ሲገቡ፣ ገመዳ፣ አባባ ፈልገው እንዳይመልሱት ፈርቶ፣ «የደበሌ ወንድም ነኝ፤ ገመዳ ቶላ» ብሎ ተመዝግቧል!

«እስከ ዛሬ ምነው ዝም አለ?» አልኳት።

«አባትሽ በሕይወት ሳሉ፣ ልጅዎ ስምዎን ጣለ ይበላቸው? ካለፉ ወዲያ ደግሞ አንቺን አፈረ። ትናንት የአልማዝን ደብዳቤ ስታነቢለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ለዚህ ነው።»

እንባዬን በነጠላዬ ስጠርግ፣ እሷ በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች።

«አውቶቡሱ ላይ ለእሱም ቦታ ያዢለት። ገመዳ በወረቀት ወንድሜ ነው፣ ያለ እኔ አትሄድም ብሏል።»