ረባዳው ላይ የተተከለ ድንች

ሐሮ ወንጪ፣ መስከረም 2014

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልህ፤ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ። የአዲስ ዓለም ከተማ ኑሮ እንዴት ይዞሃል? ጉንፋኑ ለቀቀህ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን። አባባም እማማም ጤና ናቸው፤ ጤና ያጣሁት እኔ ነኝ፣ በንዴት።

በስልክ ያልነገርኩህ በስልክ ስናወራ ስለምንጣላ ነው። ባለጀልባው ሆርዶፋ እህቱን ሊጠይቅ ወደ እናንተ ስለሚመጣ ይህን ደብዳቤ በእጁ ልኬልሃለሁ።

ነገሩ ያው የድንቹ ነው። አባባ ዘንድሮም ዘሩን ረባዳው ላይ ሊተክል ነው። ያለን ዘር ያ ብቻ ነው፤ አምና ውርጭ ካቃጠለብን በኋላ በቅሎዋ ተሸጣ የተገዛ ነው። ይሄም ከተቃጠለ የሚቀረው ቱሪስት የሚያመላልስበት ፈረሱ ነው። ፈረሱ ከተሸጠ እዚህ ቤት በምን እንደሚኖር አንተው አስበው።

ያስጀመርከው አንተ ነህ። ካቻምና፣ እርሻ የተማርክ ነህና፣ “ዝቅ ባለ ቁጥር ይሞቃል፤ ድንቹን ከዳገቱ ወደ ታች አውርዱት” አልክ። እኔ ደግሞ ቀን ቀን እውነት ነው፣ ማታ ግን እዚህ በተራራ የተከበበ ጉድጓድ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል አልኩ። ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ወደ ላይ ይለቀዋል። የቀዘቀዘው አየር ይከብድና ዳገቱን ተከትሎ እንደ ውሃ ይወርዳል፤ መውጫ በሌለው ረባዳ ውስጥም ይተኛል። ይህን ዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ። አባባ ሳቀብኝ። “ታዲያ አምቦ ስትወርጂ ሹራብሽን የምታወልቂው ለምንድን ነው?” አለኝ።

የባሰው ደግሞ የዚያ ዓመት ድንች ማማሩ! ኅዳርን ያስታወስክ እንደሆነ ደመና ነበር። የሕንድ ውቅያኖስ በአፍሪካ በኩል ከወትሮው ሞቆ ነበርና ነፋሱ እርጥበቱን እስከዚህ ገፍቶ አመጣው። ሰማዩ ጥርት ማለት ሲገባው ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ሸፈነን፤ ሙቀቱ ወጥቶ አላለቀም፣ ውርጭም አልመታንም። ድንቹን ያዳነው ባሕር ነው። ምስጋናው ግን ላንተ ሆነ። አባባ በጉባኤ ቆሞ መሰከረ፤ ከእግዚአብሔር ስም ቀጥሎ የተነሳው ያንተ ስም ነበር። ሰዉም ስለ አባባ “ኦቦ ሌታ ወልዷል” አለ። እኔ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር።

አምና ባሕሩ እንደዚያ አልሞቀም። ደረቁ ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ ነፈሰና ሰማዩን ጠረገው። አንድ ጠዋት ስንነሳ የረባዳው ድንች እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሯል። ዳገቱ ላይ በግድ ያስቀረኋት ትንሽ መደብ ግን አረንጓዴ ናት። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ምን ይላል? አባባ “ፈተና ነው” አለ። “መደቧስ?” ስለው “እሷማ ትንሽ ስለሆነች ነው” አለኝ።

ወንድሜ፣ ደክሞኛል። የሌላ ሰው ልጆችን የማስተምረውን ነገር አባቴ አንድ ቀን እስከ መጨረሻው ሰምቶኝ አያውቅም። አንተን ግን ይሰማሃል። ስለዚህ ደውልለት፤ ዳገቱ ላይ ትከል በለው፣ ምክንያቱንም ከላይ እንደጻፍኩልህ አስረዳው። ስትጨርስ አንዲት ነገር ጨምርልኝ፦ “ይህን ከመጀመሪያውም ያለችው ጂቱ ናት” በለው። ሌላ የምለምንህ የለም።

ጌታ መውጣት መግባትህን ይጠብቅ።

እህትህ

* * *

ሐሮ ወንጪ፣ ጥቅምት 2014

ለወንድሜ፣

ሰላም ለቤትህ ይሁን። ልጆቹ ትምህርት ጀመሩ? እኛ ደህና ነን።

መደወልህን ሰማሁ፤ እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ስገባ አባባ በር ላይ ጠበቀኝና እጄን ይዞ ዳገቱ ላይ አወጣኝ። “ስሚ፣ ቀዝቃዛ አየር ይከብዳል፤ እንደ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል” አለኝ። ከዳገቱ እስከ ረባዳው መንገዱን በጣቱ አሳየኝ፤ እንዳይከብደኝ ቀስ ብሎ፣ እየደጋገመ። የደመናውን ዓመት አስረዳኝ፤ ባሕሩን እንኳ አልረሳውም። በደንብ ነው ያነበብክለት። ሲጨርስ “ልጄ እኮ ይህን ሁሉ ያውቃል” አለና ዓይኑ እንባ ሞላ።

ምን ልበል? “ጎሽ” አልኩ።

ዘሩ በሙሉ ዳገቱ ላይ ተተክሏል፤ ስለዚህ ደስ ይበልህ፣ እኔም ደስ ብሎኛል። እሑድ አባባ በጉባኤ ሊመሰክር ነው። እኔም እሄዳለሁ፤ አሜን ሲባል አሜን እላለሁ።

ስትደውል እማማ አጠገቡ ነበረች፤ አባባ የስልኩን ድምፅ ለቆት ስለነበር ያልከውን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምታለች። ምን ምን እንዳልክ፣ ያቺን አንዲት ነገር መጨመር አለመጨመርህንም አልጠየቅኳትም። ራት ስታቀርብልኝ ግን ቀና ብላ ልታየኝ አልቻለችም።

ልጆቹን ሳምልኝ። ጌታ ዘመንህን ይባርክ።

የአባባ ልጅ