በሐራጅ የገዛሁት የእትዬ ንግሥቴ ቤት

የካቲት 4
ሱቅ ከፈትኩ። ገበያው ቀዝቃዛ። ከሰዓት ተስፋው ከቡሬ መጣ። የባሌ ወንድም ነው፤ ሥራው ጨረታ ማነፍነፍ። የቡሬውን ቤት ያስገዛኝ እሱ ነው። ባለቤቱ የቤት ግብር ሳይከፍል ዓመታት ቆየ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በሐራጅ ሸጠው፣ እኔ ገዛሁ። የማን እንደነበር አልጠየቅኩም። አሁን ደግሞ እዚሁ ፍኖተ ሰላም አንድ ቤት ወጥቷል አለኝ። የውዝፍ ግብር ነው፣ በርካሽ ይሄዳል አለ።

የካቲት 6
ሄጄ አየሁት። የእትዬ ንግሥቴ ቤት! እናቴ ታማ የተኛች ጊዜ እኔን ያበሉኝ እሳቸው ናቸው። ልጃቸው አምላኩ ሲታመም ይዘውት ገበዝ ማርያም ጸበል ከሄዱ ሁለተኛ ዓመታቸው። ማስታወቂያውን የለጠፉት በተቆለፈው በራቸው ላይ ነው። ማን ያነብላቸዋል? ስልካቸው እኔ ጋ አለ። ልደውል?... ነገ።

የካቲት 7
አልደወልኩም።

የካቲት 13
አሸነፍኩ። ተጫራቹ ትንሽ ነበር። እትዬ ንግሥቴ በአንድ ወር ውስጥ ውዝፉን ከነቅጣቱ ከከፈሉ ቤቱ ይመለስላቸዋል፣ የኔም ገንዘብ ይመለሳል። ካልከፈሉ የኔ ነው። ተስፋው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ዝም በይ ብቻ" አለኝ። ዝም ማለት ምን ኃጢአት አለው? እኔ ብተወው ሌላ ይገዛው የለ? ግን ሌላው እሳቸውን አያውቃቸውም...
ጾም ገብቷል። እየጾምኩ ነው። ከምግብ ብቻ።

የካቲት 23
እትዬ ንግሥቴ ራሳቸው ደወሉ። ደነገጥኩ። ስለ ቤቱ አልነበረም። አምላኩ ተሽሎታል፣ እህል መብላት ጀምሯል፣ ለፋሲካ እንገባለን አሉኝ። ከዚያ፣ "በሬን አልፎ አልፎ ታይልኛለሽ፣ ልጀ?"
አዎ አልኩ። ውሸት አይደለም። ስንት የኪራይ ክፍል እንደሚወጣው እያሰብኩ አይቸዋለሁ።

መጋቢት 2
እድር ተጠራን። ዳኛው ጋሽ ክንዱ የጨረታውን ወሬ ሰምተው ለእትዬ ንግሥቴ ሰው ልከዋል። ያላቸው አይበቃም፣ የጎደለውን እናዋጣ አሉ። ማን ነው የገዛው? አለ አንዱ። "ማንም ይሁን። ፊቱን አያሳየን" አሉ ጋሽ ክንዱ። ሁሉም ከኪሱ አወጣ። እኔም ከሰው እኩል አወጣሁ። ያዋጣሁት በገዛ እጄ የወሰድኩትን ለማስመለስ... ቀና ማለት አቃተኝ። ጋሽ ክንዱ መረቁኝ።

መጋቢት 8
ማዘጋጃ ቤቱ ገንዘብሽን ውሰጂ ብሎ ጠራኝ። ስገባ እትዬ ንግሥቴ ከጋሽ ክንዱ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ከፍለው ደረሰኝ ይጠብቃሉ። ሲያዩኝ ተነሥተው አቀፉኝ።
"አንቺም ልታግዥኝ መጣሽ፣ ልጀ?"
አፌን ስከፍት ሠራተኛው ስሜን ጠራ። የጨረታው አሸናፊ፣ እዚህ ፈርሚ አለኝ። እጃቸው ከትከሻዬ ወረደ። ጋሽ ክንዱ መሬት መሬት አዩ። ፈረምኩ።
እሳቸው ደረሰኛቸውን ተቀብለው ወጡ። ምነው በሰደቡኝ።

መጋቢት 15
ተስፋው ደወለ። ሌላ ቤት ወጥቷል። አልፈልግም አልኩት። ምን ነካሽ አለኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

ሚያዝያ 7
ፋሲካ አለፈ። እትዬ ንግሥቴ ከነልጃቸው ቤታቸው ገብተዋል። ልጠይቃቸው ሁለቴ ተነሥቼ ከመንገድ ተመለስኩ። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሱቄ በር አለፉ። ብድግ አልኩ። በሕይወታቸው ከ"አንቺ" ሌላ ጠርተውኝ አያውቁም። ቆም ብለው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።
"እንዴት አደሩ፣ ወይዘሮ ያምሮት?"
እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። አለፉ።