ከባድ ሞት ከገጠመን በኋላ የሰባት ደቂቃ እረፍት ይፈቀድልን

ለሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር
ቀን፦ ሰኔ 9

ጉዳዩ፦ የድንገተኛ ክፍል ሠራተኞች ተተኪ እየተመደበልን በተራ እንድናርፍ ስለመጠየቅ

ክቡር ዳይሬክተር፣

ከተመረቅሁ ስምንት ወሬ ነው፤ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ግንቦት 26 ቀን «ያለፈቃድ ከሥራ ቦታዋ ለሰባት ደቂቃ ተሰውራለች» የሚል ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል። እውነት ነው። ምክንያቱን ግን የጠየቀኝ ስለሌለ በአክብሮት አስረዳለሁ።

1. የዚያን ዕለት ረፋድ ላይ ስድስት የመኪና አደጋ ተጎጂዎች ባንድ ጊዜ ገቡ። አምስት መሆን ሲገባን ሦስት ነርሶች ነበርን። አንዲት በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት እጄ ላይ አረፈች። ጓንት ቀይሬ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፍኩ።

2. እዚያ ለተኙት አዛውንት የታዘዘው የሕመም ማስታገሻ ነበር። እኔ በመርፌ የቀዳሁት ልብ ሊያቆም የሚችል ሌላ መድኃኒት ነው። ብልቃጡን አይቼዋለሁ፤ አላነበብኩትም። ልወጋቸው ስል ሁላችን እትዬ የምንላቸው አንጋፋ ነርስ ክንዴን ያዙና፣ «ልጄ፣ እጅሽ ጥሎሽ ሄዷል። ሂጂ፣ እስኪመለስልሽ ተቀመጪ» አሉኝ። አዛውንቱ ምንም አላወቁም፤ «ተባረኪ የኔ ልጅ» አሉኝ። እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ምርቃት ነው።

3. የተቀመጥኩት አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ነው። ሆስፒታሉ ራሱ ባዘጋጀው የሥራ ጭንቀት ሥልጠና እንደተማርነው፣ እግሬን መሬት አስረግጬ ትንፋሼን ቆጠርኩ። በሥልጠናው ዕለት ለእትዬ «አራት ዓመት ተምሬ ደግሞ መተንፈስ ልማር?» ብዬ ስቄ ነበር። በሰባተኛው ደቂቃ እጄ ተመለሰልኝ፤ እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አሁን የሥልጠናው ምስክር ወረቀትና ማስጠንቀቂያው በግል ማኅደሬ ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው።

4. ከዚያ ወዲህ ከቦታው የሚነሳ የለም። እትዬ እንኳ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ «ምስክር ይዤ ልሂድ?» እያሉ ይቀልዳሉ። ትናንት ጓደኛዬ ብልቃጥ ይዛ ፈዝዛ ቆማ አገኘኋት። ሦስቴ ጠርቻት ነው የሰማችኝ።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ይነሳልኝ አልልም። በሁለተኛው ተራ ቁጥር የጻፍኩት ከሥራ ሊያሰናብተኝ እንደሚችልም አውቃለሁ። የምለምነው፣ በእጃችን ሰው ሲያርፍ ተተኪ ተመድቦ ሰባት ደቂቃ እንድንቀመጥ በመመሪያ እንዲጻፍልን ነው። ይህን ሥራ እወደዋለሁ፤ ልሸሸው አልፈልግም። ነገር ግን እትዬ በዚህ ወር መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ክንዴን የሚይዝልኝ የለም።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የድንገተኛ ክፍል የቀን ተረኛ ነርስ