ዘጠኝ ቀላድ

ማክሰኞ

ሁለቱም ሳቱ። የፖሊሱ ሻምበል ለሙከራ ከፈቀደልን ሦስት ጥይት ሁለቱ ሄዱ፤ የዒላማው ሰሌዳ ላይ ጭረት እንኳ የለም። የማነጣጠሪያውን ቁጥር የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ሃምሳ አለቃ ደምሴ ምንሽር ጠመንጃቸውን አቅፈው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። የሳቀው ወጣቱ ኮንስታብል ነው፤ የቅዳሜው ተፎካካሪያቸው። "መምህር፣ ጥይቱ አልጀብራ አልተማረም መሰለኝ!" አለኝ። አብሬው ሳቅሁ። የተናደድኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

እስቲ ረጋ ብዬ ልጻፈው። ቅዳሜ ከአውራጃችን ፖሊስ አንድ ተኳሽ ይመረጣል፤ ለዘውዱ በዓል አዲስ አበባ ሄዶ ይወዳደራል። ሃምሳ አለቃ ከበዓሉ በኋላ ጡረታ ይወጣሉ። አንድም ጊዜ ተመርጠው አያውቁም። ዘንድሮ ደግሞ የመጣው ጥይት ከድሮው የቀለለ ስለሆነ የጠመንጃው ማነጣጠሪያ ላይ የተቀረጹት ቁጥሮች አይሠሩለትም። እኔ የምኖረው እሳቸው ግቢ ተከራይቼ ነው። ይህን ሲያወሩ ሰማሁና "ይሰላል እኮ!" አልኩ። ዲግሪዬን ከያዝኩ ሦስት ወሬ ነው፤ ሁሉ ነገር የሚሰላ ይመስለኛል።

"በል አምኜሃለሁ" አሉኝ። ሠላሳ ዓመት የተኮሱበትን ልማድ ትተው የእኔን ወረቀት ደረት ኪሳቸው ከተቱ። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ

እንደገና ከሀ ጀመርኩ።

የጥይቱ ፍጥነት፦ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል።
ስበት፦ ዲላም ሆነ ሌላ ቦታ ያው ነው።
የአየሩ ግፊት፦ ግምት። ደጋ ቀረብ ስለምንል አየሩ ሳሳ ይላል፣ ቀንሼለታለሁ።
ርቀት፦ ስድስት መቶ ሜትር። ይሄ የታወቀ ነው፣ መዝገብ ላይ አለ።

ጥይቱ ዒላማው ጋ ለመድረስ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በዚያች አንድ ሰከንድ ከአራት ሜትር በላይ ይወርዳል። አፈሙዙን በዚያው ልክ ቀና ማድረግ ነው፤ በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሦስት ጊዜ አሰላሁት። ሦስቴም ያው መልስ። ያስፈራኝ ይሄው ነው። የመደመር ስህተት ቢሆን አገኘው ነበር።

የዘጠነኛ ክፍሎችን ፈተና ሳላርም ዋልኩ። ምሳ ላይ እትዬ አስካለ፣ የሃምሳ አለቃ ባለቤት፣ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና "ብላ እንጂ! ሁለታችሁም አበዳችሁ። እሳቸው ጸጉር ልቆረጥ ብለው ወጥተው ሳይቆረጡ ተመለሱ" አሉ። ሃምሳ አለቃ ቀና ሳይሉ "ረሳሁት" አሉ።

ቅዳሜ ቢስቱ በእኔ ነው። ሰው ሁሉ "እርጅና" ይላል፤ እሳቸውም ያምናሉ።

ሐሙስ

አገኘሁት! ወይም ያገኘሁት ይመስለኛል።

ከትምህርት በኋላ ወደ ተኩስ ሜዳው ወጣሁ። ሜዳ ይባላል እንጂ ሜዳ አይደለም። ተኳሹ በዚህኛው ጉብታ ይተኛል፣ ሰሌዳው በወዲያኛው ጉብታ ይቆማል፤ መሀሉ እንሰትና ቡና የሞላበት ገደል ነው። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ አቶ ቦኮ ቤታቸው እዚያው ቁልቁለት ላይ ስለሆነ አብረን ሄድን። ጉብታው ላይ ቁጭ ብለን ወሬ ለማስረዘም ያህል ይህን ቦታ ማን እንደለካው ጠየቅኋቸው።

"እኔ ነኛ! ጫፉን የያዝኩት እኔ ነኝ" አሉ። በጉልምስናቸው ከመሬት ለኪዎች ጋር ገመድ ይጎትቱ ነበር ለካ። "ዘጠኝ ቀላድ ነው። ራሴ ቆጠርኩ።"

አንድ ቀላድ፣ የመሬት ለኪዎቹ ገመድ፣ ስልሳ ስድስት ሜትር ተኩል ነው። በዘጠኝ ሳበዛው ከስድስት መቶ የሚጎድለው ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ትክክል። ተስፋ ቆርጬ ልነሳ ስል፦

"ያን ቀን ጉልበቴ አለቀች፣ መምህር። ቁልቁል ወረድን፣ ወንዙን ተሻገርን፣ ደግሞ ሽቅብ።"

"ቆይ፣ ገመዱም ወረደ?"

"ታዲያስ!"

"ከጉብታ ወደ ጉብታ አልተወጠረም?"

"በአየር? ወፍ ነን እንዴ እኛ? ገመድ እኮ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው።"

ገመዱ ገደሉን ወርዶ ወጥቷል፤ ጥይቱ ግን ቀጥ ብሎ ይሻገራል። የእኔ ስድስት መቶ የእግረኛ ስድስት መቶ ነው! ዘልዬ ተነሳሁ፣ አቅፌ ልስማቸው ምንም አልቀረኝ። እሳቸው ግን ቁልቁለቱን እያዩ "የአባቴም መሬት በዚሁ ገመድ ነው የተለካው" አሉ። ገደላማ መሬት በዚያ ገመድ ከልኩ ሰፍቶ ይመዘገባል፣ ግብሩም በዚያው ልክ ነው።

ዓርብ

የስፖርት ክፍሉን ሜትር ተዋስኩ። የጥቁር ሰሌዳውን ትልቁን ፕሮትራክተር ጣውላ ላይ ቸነከርኩት። ጉብታው ላይ መቶ ሜትር ለክቼ ከሁለቱም ጫፍ የዒላማውን ሰሌዳ አየሁ፣ ማዕዘኑን ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ። ርቀቱ አንዱ 515 ሜትር፣ አንዱ 530፣ አንዱ 520። አምስት መቶ ሃያ ብዬ ያዝኩ። በዚህ ርቀት ሲሰላ፣ ማክሰኞ ጥይቶቹ ከመሀሉ ሰባ ሳንቲም ያህል ከፍ ብለው ነው ያለፉት፤ ሰሌዳው ደግሞ ከመሀሉ እስከ አናቱ ሃምሳ ብቻ ነው።

አዲሱን ቁጥር ሰጠኋቸው። የመጨረሻዋን ጥይት ተኮሱ። ከመሀሉ አራት ጣት ዝቅ ብላ ገባች። ሃምሳ አለቃ እስከ ሰሌዳው ድረስ ሄደው ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ ከተቱ። አላመኑም ነበር ለካ።

ርቀቱን ለሻምበሉ ነገርኩት፣ ለኮንስታብሉም ጭምር፤ ደብቄ እንዲያሸንፉልኝ አልፈልግም። ኮንስታብሉ ትከሻውን ሰበቀ፤ "እኔ በዓይኔ ነው የምተኩሰው" አለ። ሻምበሉ ግን ተቆጣ። "መዝገብ ላይ ስድስት መቶ ነው፣ ስድስት መቶ ሆኖ ይቀራል!"

ቅዳሜ

እየቸኮልኩ ስለምጽፍ ጽሑፌ አያምርም።

ለእያንዳንዱ አምስት ጥይት። ኮንስታብሉ ቀድሞ ሦስት መታ። ሃምሳ አለቃ የመጀመሪያዋን በወረቀቴ መሠረት፣ ነጥብ ሳያዛንፉ ተኮሱ። ሳቱ! ቁመቱ ልክ ነው፣ ግን ወደ ግራ ወጣች። ነፋስ። ነፋስ የሚባል ነገር ወረቀቴ ላይ አልነበረም። አፈርኩ፣ መሬት ብትውጠኝ።

እሳቸው ቀስ ብለው ዞር ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ገደሉ ውስጥ ያሉትን የእንሰት ቅጠሎች ረዘም ላለ ጊዜ አዩ። አፈሙዙን ትንሽ ወደ ቀኝ መለሱ። ሁለተኛዋ ገባች። ሦስተኛዋ። አራተኛዋ ላይ መቁጠር አቃተኝ። አምስተኛዋም ገባች።

አራት! ተመረጡ። ኮንስታብሉ መጥቶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል አነሱት። "ቁመቱ የዚህ ልጅ ነው፣ ነፋሱ የእኔ" አሉት።

ማታ ግን ደስታቸው እንዳሰብኩት አልሆነም። ሻምበሉ ለአዲስ አበባ የጻፈውን ደብዳቤ አሳዩኝ፤ "በስድስት መቶ ሜትር ከአምስት አራት" ይላል። የመቱት ግን በአምስት መቶ ሃያ መሆኑን ያውቃሉ፤ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

"መምህር፣ አዲስ አበባ ያለው ስድስት መቶስ በማን ገመድ ነው የተለካው?"

አላውቅም አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።